ጫፉን ያዝልኝ

ሐምሌ ዶፉን ሲያወርድ፣ ጃንጥላ ዘርግቼ፣
አርባ ሰባት ዓመቴን ፔዳ ግቢ አስገብቼ፣
ተማሪ ሆኛለሁ፣ እኔ ርዕሰ መምህሩ፣
ኪሱ ውስጥ ማህተም፣ ሽበት በጠጉሩ።

የኮርሱ ስም ረጅም ነው፣ ትንፋሽ ይጨርሳል፣
ፎቶ ኮፒው ደብዝዟል፣ ሦስተኛው ገጽ ጎድሏል።
ዶክተር ምናሉ ሰሌዳው ላይ ክብ በክብ ይስላሉ፣
«መሪ መሀል ላይ ነው፣ ሌላው ዙሪያው» ይላሉ።
እንገለብጣለን።

ከዚገም የመጣችው የሻለም፣
እጇን አንስታ የማታውቀው፣
ማክሰኞ ተራዋ ደርሶ ጥናቷን ልታቀርብ ወጣች፤
ጉሮሮዋን ጠረገች፣
በአገውኛ ጀመረች።

ፈገግ አልን፣ ቀልድ መስሎን።
አምስት ደቂቃ። አስር። አሁንም በአገውኛ።
ከሠላሳ ሰባታችን የእንጅባራዎቹ ሁለቱ ብቻ ሳቁ፤
የሚያስቅ ቦታ ደርሳ መሆን አለበት።
አንዱ በመስኮቱ አሻግሮ ዘምባባ ቆጠረ፣
አንዱ ስልኩን ነካካ፣ አንዱ አቀረቀረ።
እኔ እስክሪብቶዬን ከፍቼ ዘጋሁ፣ ዘግቼ ከፈትኩ።
እንዲህ የሚያደርግ ሰው አውቅ ነበር። ማን ነበር?

ከዚያ ወረቀት አደለች፤ አምስት ጥያቄ።
ሰበሰበች። እንደቆመች አረመች፣ በቀይ።
«ዜሮ። ዜሮ። ዜሮ።» ይሄን እንኳ በአማርኛ።
«ሰነፍ ክፍል ናችሁ። ነገ ወላጅ ይዛችሁ ኑ።»
ማንም አልሳቀም።
ዶክተር ምናሉ ዳስተሩን እንደያዙ ክቡን ሲያዩ ቆዩ።

ያኔ ነው ልጁ ትዝ ያለኝ።
ሦስተኛ ረድፍ፣ ከግድግዳው ጥግ፣ ብቻውን።
ብቻውን የተቀመጠው ዴስክ ስለተረፈን አይደለም፤
«ልጆቻችን ከነሱ ጋር አይቀመጡም፣ ዓሣ ዓሣ ይላሉ» ብለው
ወላጆች ቢሮዬ መጥተው ነበር።
ሻይ አዘዝኩላቸው።
ዘይኑ ኡመር። አራተኛ ክፍል። ተራ ቁጥር ሃያ ዘጠኝ።
ታኅሣሥ ላይ ስሙ ፊት «አቋርጧል» ብዬ ጻፍኩ፣
ማህተሜን አሳረፍኩ፣
ቀለሙ ቶሎ እንዲደርቅ እፍ አልኩበት።

ቅዳሜ ዝናቡ ጋብ ሲል በእግሬ ወረድኩ፣
ከሆቴሎቹ አጥር ጀርባ፣ እምቦጭ ተነቅሎ ወደሚከመርበት።
አቶ ኡመር ጉልበቱን አፈር ላይ ተክሎ ደንገል ያስራል።
አልተነሳልኝም። አልተቆጣኝምም።
«ትምህርት ቤቱ ዝግ ነው። ምን ልትል መጣህ?»
«እየተማርኩ ነው» አልኩ።
«አንተ? ምኑን?»
«ትምህርት ቤት መምራት።»
ቀና ብሎ አየኝ፣ እንደሚገዛ በሬ አየኝ፤
«እስካሁን ታዲያ ምን ስታደርግ ነበር?»

ውኃው ላይ ይብራዎች ተኮልኩለዋል።
ዘይኑ ግማሽ ከደረሰው ታንኳ ጀርባ ባንድ ዓይኑ ያየኛል፤
ቁመት ጨምሯል፣ ጥርስ ለውጧል።
እስክሪብቶ የለውም፤
በጣቶቹ መሀል የደንገል ልጣጭ ይከፍታል፣ ይዘጋል።

ይቅርታዬን መንገድ ላይ አዘጋጅቼው ነበር፣
እንደ ጥናት ማጠቃለያ፣ መግቢያ ያለው፣ ምክረ ሐሳብ ያለው።
አባትየው ከመግቢያው አላሳለፈኝም፤
የገመዱን ጫፍ ወረወረልኝ፦
«ቁጭ በልና ጫፉን ያዝልኝ።
ሳብ ስልህ ሳብ። ካላልኩህ አትሳብ።»

ሲለኝ ሳብኩ።
ሳይለኝ ሳብኩ፣ ደንገሉ ተጣመመ፣ ተቆጣኝ፤
ልጁ ሳቀ።
በሦስት ዓመት ተኩል ሲስቅ ሰምቼው አላውቅም ነበር፣
ሳቁ ወፍራም ነው፣ ከሰውነቱ ይበልጣል።

ገመዱ መዳፌን ላጠው፣ ሱሪዬ ጭቃ ጠጣ።
ሰኞ ፈተና አለ፤ በየዓመቱ የማትቀር ጥያቄ አለች ይላሉ፦
«መሪ ማለት ምን ማለት ነው? በምሳሌ አስረዳ።»
አስራ አምስት ነጥብ ትይዛለች።
አላጠናሁም።
ዝናቡ ከዘጌ በኩል ውኃውን እያጠቆረ እየመጣ ነው፣
ዘይኑ ሸራ ሊያመጣ ሮጧል፣
እኛ ገና አንድ እስር ይቀረናል።