ቀኝ እግር

ማውሜሬ ከተማ፣ ዝናቡ ሲያባራ፣
ሞተሩን አቆምነው ከጓሮ፣ ከሙዙ፣ ከጉድጓዱ ጋራ፤
በካቫሌቶ ላይ፣ የኋላ ጎማው ከመሬት አንድ ስንዝር ርቆ፣
የቤታችን ጓዳ በዚያች ስንዝር ላይ ተጣብቆ።

"ፍሬኑ ይጮሃል" አለኝ አባቴ፣
"የኋላው ይከብዳል፣ ዳገት ላይ ይሰንፋል፤ እይልኝ በሞቴ።"
ወንድሜ ፎርቱናቱስ ከደጁ ላይ ሆኖ፣ ስልኩን እየነካ፣
"አርጅቷል" ይለዋል፣ "ሽጠውና በብድር አዲስ ተካ።"
እኔ ግን አልቸኩል፤ ብረት ሕመሙን የሚናገር
ለዳሰሰው ጣት ነው፣ አይደለም ለአበዳሪ ማኅበር።

መጀመሪያ በእጄ አሽከረከርኩት፣ ጆሮዬን አስጠግቼ፣
ትንፋሼን ውጬ፣ ዓይኔን ዘግቼ።
ሽሽሽ ይላል፤ በየዙሩ አንዴ አይደለም፣ ሳያቋርጥ፣
በደረቅ ቅጠል መሀል እባብ እንደሚያመልጥ።
(በየዙሩ አንዴ ቢሆን "ታምቡሩ ጎብጧል" ባልኩኝ፤
ቢያጓራ ኩሽኔታው ነው፤ ያንን ያህል ከሱ ተማርኩኝ።)
ጎማውን ከላይ ከታች ይዤ ገፋሁ፣ ሳብኩ፤
አልተነቃነቀም፤ አንዱን ጥርጣሬ ሰረዝኩ።
ራጂዎቹን በማንኪያ ጀርባ አንድ በአንድ መታሁ፤
ቲን፣ ቲን፣ ቲን፤ አሥራ ሰባተኛው ላይ "ዱብ" የሚል ሰማሁ፤
የላላውን ጠበቅ አደረግሁት፤ ግን እሱ አይደለም፤
አንድ ራጂ ቢላላ ታምቡር እንዲህ አይግልም።
ከወደብ እስከ ቤት ብቻ ነድቶት በመጣ፣
በእርጥብ ጣት ስነካው "ቸስ" አለ፤ ጣቴን እንደ መርፌ ቀጣ።
ዘንጉን አየሁ፤ ዳዶው በልኩ ነው፣ አልጠበቀም፤
ፔዳሉን ተጭኜ ብለቀው ወዲያው ተነሳ እንጂ አልተጣበቀም።

ፈታሁት።
ዳዶው በቆርቆሮ ክዳን ላይ፣ ካቴናው ወደ ጎን፣
ግራሶ እስከ ክርኔ፤ አባቴ ቁጢጥ ብሎ፣ ዝም፣ እንደ ተከሳሽ በዚያ ቀን።
ሸራው
መስተዋት መስሏል። ተቃጥሎ ጠርቷል፤
የሚይዝ ሸራ ሻካራ ነው፤ ይሄ ሲግል ከርሞ መያዙን ረስቷል።
ዘይት አልነካውም፤ የሚገፋው ብረትም እንደ ልቡ ይዞራል፤
ታዲያ ማነው? በዚህ ፍሬን ላይ ማን ያድራል?

ያኔ ፔዳሉን አየሁ፤ የላዩ ጥርስ ሁሉ ጠፍቶ፤
የአባቴን ቀኝ ጫማ አየሁ፤ ሶሉ ከአንድ ወገን ተበልቶ፤
የግራው ግን፣ ከአንድ ሱቅ፣ በአንድ ቀን የተገዛው፣
ገና ከነመስመሩ ነው፣ ድካም ያልገዛው።

"አባ፣ እግርህ ፍሬን ላይ ይውላል?" አልኩት። ወደ ሙዙ ዞረ።
ንጹሕ እጁን በጨርቅ ጠራረገና ቆይቶ ተናገረ፦
"በለቀማው ወር፣ ከሞኒ ቁልቁለት ሥር፣
ቅርንፉዱን አስጥተዋል እስከ አስፋልቱ ዳር።
አንዲት ልጅ ታገላብጣለች፣ መጥረጊያ ይዛ፣ ጀርባዋን ሰጥታ፤
ፍሬን ስይዝ ጎማው ቆሞ ተንሸራተተ፣ በዚያ ሁሉ ፍሬ ላይ፣ ደሞ በዝግታ።
መጥረጊያዋ ተሰበረ። እሷ ምንም። ዞር ብላ ሳቀች።
ልጅ አይደለች? ከዚያ ወዲህ ይቺ እግሬ ፔዳሉን መቼ ለቀቀች?"

ፎርቱናቱስ ስልኩን ኪሱ ከተተ።
ሸራውን በብርጭቆ ወረቀት አሸሁት፤ መስተዋቱ ሞተ።
(ነገ አዲስ እገዛለሁ፤ የገበያ ቀን ነው፣ ውድ አይደለም።
ለሌላው ግን ሱቁን ብዞር መለዋወጫ የለም።)

መልሼ ገጠምኩት። ጎማው ሲሽከረከር አሁን ዝም ይላል።
ሲመሽ አባቴ ከፊት፣ እኔ ከኋላ፤ ጣቴ ቀኝ ጉልበቱ ላይ ውሏል።
"አንሳ" እለዋለሁ። ያነሳል። ጥቂት ይሄድና
ከቤተ ክርስቲያኑ መታጠፊያ ሲደርስ ያሳርፈዋል እንደገና።
"አንሳ፣ አባ።"
አነሳ።

ስንመለስ ወርጄ በእርጥብ ጣቴ ታምቡሩን ነካሁት፤
ቸስ አላለም።
ለብ ብሏል ብቻ፣ ትኩሳት እንደለቀቀው ልጅ ግንባር። እጄን አቆየሁበት።