ሰባተኛ ረድፍ፣ ሦስተኛ ወንበር

እኔ ገመድ ሳቢ ነኝ፤ መጋረጃ ከፋች፣ መጋረጃ ዘጊ፣
አርባ አንድ ዓመት ሙሉ ስሜ ፖስተር ላይ የለም፤ አልነበረኝም ፈላጊ።
ስለ ላማራ ንገረን ካላችሁኝ
ከፊቷ አስቀድሜ የማውቀው ሳሏን ነው፤
ከሰባተኛው ረድፍ፣ ከሦስተኛው ወንበር፣ ከጨለማው የሚመጣው።
አንዴ ከሳለች፣ ተዋናዩ ዘግይቷል።
ሁለቴ ከሳለች፣ ዋሽቷል።
ሦስቴ ከሳለች ግን
ገመዴን እለቃለሁ፤ የዚያ ቀን ልምምድ ያልቃል።

መጀመሪያ ስትመጣ፣ በኩታይሲ፣ በሪዮኒ ወንዝ ዳር፣
መጋዘን ነበረ፤ የሐር ፋብሪካው ትቶት የሄደ፣ ትል እንኳ የማያድር።
ቁልፉን የሰጣት ዘበኛ፣ "እዚህ ምን ልትዘሪበት ነው?" አላት።
"ሰው" አለችው። ሳቀባት።
ስድስት ነበርን ያን ቀን፤ እሷ፣ ቫሊኮ ጫማ ሰፊው፣
ከቁጠባ ባንክ ሸሽታ የመጣችው ጉጉሊ፣
ኤርማሎዝ፣ ካልጠጣ ቃሉ ሁሉ የሚጠፋው፣
ሁለት ተማሪዎችም፤ አንደኛው እኔ፣
ቃለ ተውኔት አልያዝ ቢለኝ ገመድ የተሰጠኝ።

ወንበሮቹን ከተዘጋ ሲኒማ ቤት በጋሪ አጓጓዝን፤
መቶ አርባ ነበሩ፤ ድልድዩ ላይ አንዱ ወድቆ ወንዙ ወሰደው፤ አዘንን።
እሷ ግን፣ "ይሁን፤ ለሪዮኒም አንድ ቦታ ይያዝለት" አለች፤
ከዚያ ወዲህ ወንበር ሲቆጠር
"መቶ ሠላሳ ዘጠኝና ወንዙ" ትል ነበረች።

ከባህል ቢሮ የመጣው ሰውዬ ጽሑፉን በቀይ እርሳስ ሲያርስ፣
ዐሥራ አንድ መስመር ሲሰርዝ፣
አንዲት ቃል አልመለሰችም። ማታ ለኤርማሎዝ፣
"ዐሥራ አንዱን መስመር ዝም በልልኝ" አለችው፤ "ትንፋሽ ሳትጨምር፣ ሳትቀንስ።"
ዝም አለ። ሰዉም ሰማ።
እንደዚያ ያለ ጩኸት ከዚያ በፊትም ከዚያ ወዲያም
አልሰማሁም በዚያች ከተማ።

ኋላ አገር ፈረሰ፤ መብራቱም ተከትሎት ሄደ፣
ዳቦ ፍለጋ በሌሊት የወጣ፣ ጧት ባዶ እጁን ወረደ።
"እንዝጋው" አልናት። ከሰል አንስታ በሩ ላይ ጻፈች፣
"መግቢያ አንድ ፍልጥ፤ ለልጆች ግማሽ።"
መጡ።
የአጥር ችካል፣ የአልጋ እግር፣ የተሰነጠቀ ሣንዱቅ ይዘው መጡ።
አንዲት መበለት የባሏን ምርኩዝ አመጣች።
ላማራ ምርኩዙን ዐየችው፣ ሴትዮዋን ዐየቻት፤
"ይሄ አይነድም" አለቻት፤
"ይግባ እሱም፤ ከጎንሽ አስቀምጪው።"
ጉጉሊ ስትናገር ከአፏ እንፋሎት ይወጣ ነበር፤
በየጣሳው ሻማ፣ ሰሙ ሲቀልጥ፣ ሲፈስ፣ ሲያልቅ አየነው፤
ወርቁን ያየሁት ያኔ ነው።

ቅድስት አድርጋችሁ አትጻፏት።
ልጇ ማክቫላ እናቴ ብላ ጠርታት አታውቅም፤ "ዳይሬክተሯ" ነው የምትላት።
ቫሊኮን በጫማ ፈንክታዋለች፣ ራሱ በሰፋላት ጫማ።
ኤርማሎዝን ሦስት ጊዜ አባረረችው፤ በአራተኛው ቀበረችው፤
የእጅ ሰዓቷን ሸጣ ሣጥን ገዛችለት፣
ከዚያ ወዲህ ሰዓት ማሰር ተወች፤
ለኛ መከራ ሆነብን፣
ልምምድ የሚያልቀው ሲነጋ ሆነ።

ጭብጨባው ሲመጣ መድረክ ላይ ወጥታ አታውቅም።
"እጅ የሚነሳ ዕዳ ያለበት ነው" ትል ነበር፤
ዕዳማ ነበረባት፣ የከሰል፣ የጨርቅ፣ የቀለም፤
እኔ እንኳ የሁለት ዓመት ደመወዝ አለኝ፤ አልጠይቃትም።

ባለፈው መስከረም ሞተች።
ወንበሯ ላይ ማንም አልተቀመጠም፤ ማንም አትቀመጡ አላለም።
የአዲሱ ትያትር የመጀመሪያ ምሽት ቲኬት ቆራጩ ቆጥሮ፣
"መቶ ሠላሳ ስምንት፣ ወንዙና እሷ" አለኝ።
ገመዴን ሳብሁ።
ሁለተኛው ገቢር ላይ ያ መልከ መልካም ልጅ፣ የአባቱን ሞት ሲናገር፣
እንባውን ለእኛ አሳየን እንጂ አላለቀሰም።
ከሰባተኛው ረድፍ ጠበቅሁ።
ምንም።
ያኔ ከመድረኩ ጥግ፣ ከጨለማው፣ አንድ ሰው ሳለ፤
ቆይቶም ደገመ።
ልጁ ደነገጠ፣ ቃሉን አቋረጠ፣ ዝም ብሎ ቆመ፤
ከዚያ እንደ ሰው ተናገረ።
እኔ ነበርሁ የሳልሁት።
በአርባ አንድ ዓመት ውስጥ በቃሌ የያዝሁት ይህንኑ ነው።