ፀሐይ ያልሞቀው

በስልክ ነው የጀመርነው፣ በተሰነጠቀ መስታወት፤
ስድስት ስድስት ደቂቃ፣ ሐሙስ ማታ የምንለቅበት።
ሙዘይን ባጃጁን አቁሞ፣ ካፖርት ደርቦ በወበቅ፣
ከአክስቴ የበቆሎ ጎተራ ዘሎ ሲወጣ ሳይጠበቅ፣
የብሽሼ ልጆች እያለቀሱ
"ድገመው!" ይሉት ነበር፣ እንባቸውን ሳያብሱ።

እኔ ደም ቀላቃይ ነበርሁ።
የሌላው ስም በጉልህ ሲወጣ፣ ከታች በደቃቅ ሰፈርሁ።
ቀይ ሥር ቀቅዬ፣ በስኳር አጥብቄ፣ ምድጃ ዳር አድሬ፣
ከእውነተኛው ይልቅ ደም የመሰለ ደም አንቆርቁሬ፣
ጠዋት ሸሚዙ ላይ ስረጨው፣ ንብ ሸተታት፤ መጣች ከነዘሯ፤
ሺህ ዓመት የተፈራው ጌታ ጓሮ ለጓሮ አመለጣት በመከራ።

ጥርሱን የሠራችው ነጂባ ናት፣ የጥርስ ሕክምና ተማሪ፤
"ንከስበት እንጂ አትናገርበት" አለችው፣ እንደ መካሪ።
እሱ ግን ቃል ነበረው። ደረቱን ነፍቶ፣ ወደ ጨረቃ አንጋጦ፣
"ሺህ ዓመት ሸሽቼ መጣሁ!" ሊል ሲል፣ ምላሱ ክራንቻው ላይ አዳልጦ፣
"ሲህ ዓመት ሰስቼ መጣሁ!" አለ።
ሳቃችን ድምፅ መቅጃውን ሞላው። ሽኩሪያ ግን፣ "ይቆይ!" አለች፤
"ከሸሸ ይልቅ የሰሰተ ነው ሺህ ዓመት የሚኖር" ብላ ጻፈች።

ገዳዩ ወርቂቱ ናት፣ የመርካቶዋ ነጭ ሽንኩርት ቸርቻሪ።
"አስመስይ" ብንላት፣ ማስመሰል አታውቅም፤
ሦስት ጊዜ ቀረጽነው፣ ሦስቴ መታችው፤ አንዱም ቡጢ የውሸት አይደለም።
አንገቱ ላይ የጠመጠመችውን ሽንኩርት፣ ቀረጻው ሲያልቅ ፈትታ፣
አራግፋ፣ ቆጥራ፣ ሸጠችው በማግስቱ ገበያ ወጥታ።
(የገዛችው አክስቴ ናት። ወጡ ጥሩ ነበር።)

ከዚያ "ፊልም ይሁን" ተባለ፤ ረጅም፣ በትልቅ ካሜራ።
አከራዩ ከአዲስ አበባ መጣ፣ በቀን ሂሳብ የሚሠራ።
ስሙን እኔ አላወጣሁትም፤ ደምሰው ነው፣ መታወቂያውን አይቻለሁ፤
የቀረውን ለእናንተ ትቻለሁ።

መጨረሻው ጅሬን ላይ ነው። ደም መጣጩን ንጋት ይዞት፣
ፀሐይ ስትወጣ አመድ ሊሆን፣ ገና ጨረር ሳይነካ ነክቶት።
ከዳቦ ቤት አመድ ለምነን፣ በማዳበሪያ ተሸክመን፣
በአሥር ሰዓት ሌሊት ወጣን፣ እኛም በተራችን ጥርሳችንን ነክሰን።
ግን ነሐሴ ነው። ጅማ ነው።
ዝናብ ነው። ጉም ነው። ዝናብ ነው።
በማግስቱም። በሳልስቱም።
አመዳችን ጭቃ ሆነ።
ደምሰው ከመኪናው ሳይወርድ፣ ደብተሩን ጉልበቱ ላይ ዘርግቶ፣
አንድ ቀን ይጨምራል፣ የእስክሪብቶውን ጫፍ በምራቁ ነክቶ።
በአሥራ ሁለተኛው ቀን ሽኩሪያ የጆሮዋን ወርቅ ሸጠች፤
ወርቂቱ የዕቁቧን አበደረች፤
እኔም ደም መቀላቀል ተውሁ፣ ስኳሩ ተወደደ፤
የኛው ግን በየቀኑ፣ ያለ ክራንቻ፣ ወደ ደብተሩ ወረደ።

በአሥራ ዘጠነኛው ወረቀቱን ቀደደች።
"ፀሐይዋ ካልመጣች አይሞትማ!" አለች።
እናም ሙዘይን፣ ሞቱን ሲጠብቅ፣ ካፖርቱ ውኃ ጠግቦ፣
ሰማዩን አየ፣ ሰዓቱን አየ፣ እንደ አርፋጅ ሠራተኛ አስቦ፣
ቁልቁል ወርዶ ባጃጁን አስነሳ፤ ጥርሱ እያበራ በዝናቡ መሃል፣
"አጂፕ! አጂፕ! አንድ ሰው! አንድ ሰው ብቻ ቀረኝ!" ይላል።
ፊልሙ እዚያ ላይ ያልቃል።

ካሜራው በሄደ ማግስት፣
ድስቴን አዌቱ ዳር አጥቤ፣ ወንዙን ለአፍታ አቅልቼ፣
ስመለስ ጀርባዬን የሚነካኝ ነገር አለ፤ ዞርሁ፣ ምን እንደሆነ ረስቼ።
ፀሐይ ናት።
አጂፕ ጋ ሙዘይን ተኝቷል፣ እግሩ ከባጃጁ ወጥቶ፣
አፉን ከፍቶ፣ ጥርሱን ማውለቅ ረስቶ።
ብርሃኑ ክራንቻው ጫፍ ላይ ተቀምጧል።
ቆሜ ጠበቅሁ።
ጭስ የለም። አመድ የለም። ዝንብ ብቻ።
ፊልማችንን ገና ሀገር አላወቀው፤
እሱን ግን፣ ይኸው፣ ፀሐይ ሞቀው።