ሞላ

ተኝተው የሚነዱት ብስክሌት ነው፤
ከፒካፕ ላይ በሁለት ሰው አወረድነው።
መርገጫው ከፊት፣ ወንበሩ እንደ አልጋ፣
ካቴናው ሰባት ክንድ፣ መሪው ከጭን ሥር የተዘረጋ።
ባለቤቱ ኡበይድ፣ የወደብ ክሬን ሲነዳ የኖረ፣
ሁለቴ ተቀዶ ወገቡ በብሎን የታሠረ፣
«ሐኪም ቀጥ ብለህ አትቀመጥ ቢለኝ፣
ተጋድሜ ፉጀይራ እደርሳለሁ፤ አንተ የኋላውን ሞላ ብቻ አስተካክልልኝ»
አለና ሄደ፣ በአሥር ሰዓት ሊመለስ።

ጥቅምት ማለቂያ ነው። ራስ አል ኸይማ ገና መተንፈሷ።
ሱቃችን ነኺል ነው፣ ከልብስ ሰፊው ጎን፤
ጠዋት የልጆችን ጎማ፣ ማታ የምግብ አድራሾችን
እንነፋለን፣ እንለጥፋለን።
ቢጁ፣ የኬረላው፣ ሥራ ሲበዛ ያፏጫል፤
የማያውቀው ሲመጣ ዝም ብሎ ወደ እኔ ይገፋል።

ሞላ አውቃለሁ። ባሕር ዳር፣ ጋሽ አያልነህ ጋ፣
በሰዓት ሦስት ብር ብስክሌት ሲያከራይ፣ ክረምት ከበጋ፣
ከባጃጅ የፈታትን በአውራ ጣቱ እየተጫናት፦
«ካልሰገደች ድንጋይ፣ ከተኛች ጨርቅ ናት፤
ሩቧን ለሸክሙ ስጥ፣ የቀረውን ለመንገድ ተውላት።»

ሳይተኙበት ግን ልኩ አይታወቅም።
ስለዚህ ተጋደምኩ።
በሥራ ሰዓት፣ በፀሐይ፣ በዓረብ ምድር፣
ስድስት ዓመት ሙሉ ያልሞከርኩት ነገር።

ሰማይ አየሁ። የኤሲውን ጠብታ ከሥሩ፣
የልብስ ሰፊው ሽቦ ላይ ነጫጭ ከንዱራዎች ሲዞሩ፣
የእርግብ ሆድ አየሁ፤ ከታች ሲያዩት እንዴት ይነጣል!
«ሦስት ሚሊ» አለ ቢጁ፣ ማስመሪያውን አስጠግቶ፤ «ገና ዐሥር ይፈልጋል።»

ሃምሳ ስምንት ኪሎ ነኝ። ሞላው አላወቀኝም።
ዘጠና አምስት የሚሸከም፣ ለእኔ ቢል አይሰግድም።

ቢጁ ከጎረቤት በቃላ ሃያ ኪሎ ሩዝ ተዋሰ፣
ሆዴ ላይ አስተኛው፤ ዐሥራ ሰባት ሊትር ውሃ ጨመረ፣ እስትንፋሴ አነሰ።
የኡበይድን ሻንጣዎች በግራ በቀኝ ሰቀለ፦
ድንኳን፣ ተምር፣ ምድጃ፣ አንድ ነጠላ ጫማ
(ሌላኛውን ምን እንደዋጠው እንጃ)።
ከሻንጣው ኪስ ትልቅ ፖስታ ተንሸራቶ
ደረቴ ላይ ወደቀ፣ አፉን ከፍቶ።
ራጅ ነው። ወደ ፀሐይ ያዝኩት።

ሁለት ዘንግ፣ ስድስት ብሎን፣ የአንድ ሰው አከርካሪ።
ጥርሳቸው ጥሩ ነው። አንዱ ብቻ ትንሽ የዘመመ፤
ያ እጅ የማን ይሆን? ምናልባት ሌሊት ነበር፣ ምናልባት የደከመ።
መለስኩት። ቢጁን፦ «አንድ ጊዜ ደግመህ ለካ» አልኩት።

«ዐሥራ ሦስት።»
ቀለበቷን አንድ ዙር አጠበቅን፤ ከዚያ ጠበቅን።
«ዐሥራ አንድ።» ሩዙ ሆዴ ላይ ሞቀ።
«ሞላ?» ይለኛል ቢጁ፣ ከእኔ በለቀማት አማርኛ፤
«ገና ጎደለ» አልኩት፣ እንደ ተኛሁ፣ እንደ በሽተኛ።
ግማሽ ዙር።
«ዐሥር!»
ልብስ ሰፊው ከመኪናው ቀና ብሎ ሳቀ፤
ሩዝ ታቅፎ የተኛ መካኒክ የት ታወቀ?

ኡበይድ መጣ፣ ተጋደመ። ሩብ ያህል ሰመጠ።
ምንም አላለም። ዓይኑን ጨፈነ፣ ብዙ ቆየ፤
ሱቁ ውስጥ ማንም ኪያቤ አልጣለም።
ከፈለና ሄደ።

በሦስተኛው ቀን ደወለ፣ ከመሳፊ መንገድ፤
«ይነጥረኛል፤ በየጉድጓዱ ወገቤን ሊያነድ።»
ልቤ ደነገጠ። ብሎኗ፣ ያቺ የዘመመችው፣ ትዝ አለችኝ።
«ውሃውስ?» አልኩት።
«ጠጣሁት፤ ጥቂት ጉንጭ ቀረኝ።»
ሳቅሁ። እንዴት ሳልነግረው!
«እንግዲያ ቀለህበታል፤ ግማሽ ዙር አላላው፤
ውሃው ሲሞላ ደግሞ መልሰህ አጥብቀው።»
«እስኪሞላ?»
«እስኪሞላ።»

ነፋስ ሰማሁ፣ ፍየል ሰማሁ፣
ከዚያ ኪያቤ ብረት ስትነካ።