አንድ እጅ ቀለም

ከሰባ ደረጃ ወርደህ፣ ወደ ቀኝ ስትታጠፍ፣
አንድ የጭቃ ፎቅ አለ፣ ሊረግፍ ሲል የማይረግፍ።
ሰገነቱ እንጨት ነው፣ አዝምሞ መንገድ ያያል፣
ሚኒባስ ባለፈ ቁጥር መስታወቱ ይንጫጫል።
ትናንት ማለዳ ደረስኩ፣ መሰላሌን ተሸክሜ፣
ባሊና መፋቂያ ይዤ፣ ከበሩ ግንባር ቆሜ።
«በነጭ ላይ በሰማያዊ፣ ‹ሞባይል ጥገና› ይበሉ»
አለኝ ተከራዩ ኢዮስያስ፤ «ነገ እከፍታለሁ፣ ቶሎ ይበሉ!»

እኔ ታፔላ ጻፊ፣ አባቴም ታፔላ ጻፊ፤
እሱ የሌላውን አጥፊ፣ እኔ ደግሞ የእሱን አጥፊ።

ስፍቀው ቢጫ መጣ፤ «ፑል ቤት» ይላል፣ የራሴ ነው፤
የ«ፑ» እግሯ የተወላገደው እጄ ገና ስላልጸና ነው።
ባለቤቱ ስሙ ሚሊዮን፤ በዚያ ሁሉ ስም ታጅቦ
ሃምሳ ብሬን ሳይከፍል ጠፋ፣ ኳሶቹን በጆንያ ሰብስቦ።

ቢጫው ሲላጥ ቀይ ወጣ፦ «የቀበሌ ኅብረት ሱቅ»።
ስኳር በኩፖን፣ ሳሙና በወር፣ ሰልፉ ደረጃው ድረስ ሲዘልቅ፣
ወይዘሮ አስካለ ድንጋይ በተራዋ አኑራ ሄደች።
ድንጋዩ ተራው ደረሰ።
እሷ ከርቸሌ በር ላይ ነበረች፣
ሳህን በጨርቅ ቋጥራ፣ የልጇን ስም እየጠራች።
ድንጋዩን ማንም አልገፋው፤ ሰልፉ በጎን ዞሮ አለፈ።
አባቴ ነው ይህን ያየ፤ የቀዩንም ፊደል እሱ ጻፈ፣
ቀጥ ቀጥ ያለ፣ ተራ የሚጠብቅ ይመስላል፤
በሁለት ኪሎ ስኳር የተከፈለ ፊደል ዛሬም ይጣፍጣል?

ከቀዩ ሥር አረንጓዴ፤ «ሽኩር ልብስ ስፌት፣
ላስቸኳይ በሦስት ሰዓት»።
ዛሬም ወለሉ ሲጠረግ ከሳንቃው ስንጥቅ ይወጣል
ስባሪ መርፌ፤ ባዶ እግሩን የገባ ያውቀዋል።
ሽኩር ሲለካ አያወራም ነበር አሉ፤ ክሩን በጥርሱ እንደያዘ
የሰፈሩን ወገብ ሁሉ ያውቃል፣ ማን እንደከሳ፣ ማን እንዳረገዘ።

ከአረንጓዴው ሥር ቡናማ፤ ፊደሉ ግን የእኛ አይደለም፣
እንደ ሽቦ የተጠማዘዘ፤
ሰፈሩን ዞሬ ጠየቅሁ፣ ማንበብ የሚችል የለም።
«ሙሴ ካራቤት» አሉኝ አንድ አዛውንት፣ «አርመን፣ ሰዓት ጠጋኝ፤
ያችን መስኮት ይወዳት ነበር፣ የጧት ፀሐይ ስለምታገኝ።
አሥራ ሁለት ሰዓት ግድግዳው ላይ ሰቅሎ፣
አንዱ ካንዱ ሳይስማማ ሲያንቋርሩበት ውሎ፣
‹ስንት ሰዓት ነው?› ስንለው፣ አንገቱን አዘንብሎ
የጊዮርጊስን ደወል ይጠብቅ ነበር።»

ዞር ብዬ በመስኮቱ ባይ፣ ኢዮስያስ
አንድ ዓይኑ ላይ አጉሊ መነጽር፣ ከጠረጴዛው ጎንበስ፣
በወረንጦ ጫፍ ብሎን ያነሳል፣ የጤፍ ፍሬ ታክላለች፤
ያችው የጧት ፀሐይ እጁ ላይ ወድቃለች።
ልነግረው አሰብኩ። ምን ብዬ?

በዚህ መሀል ሁለት ሰዎች መጡ፣ ሜትርና ስፕሬይ ይዘው።
አንዱ ለካ፤ አንዱ ጻፈ፣ ግድግዳውን ሳይጠይቀው፣
በቀይ፣ አንድ ቁጥርና አንድ ጭረት።
የእሱ ታፔላ ከሁላችንም አጠረ፤ አምስት ደቂቃም አልፈጀበት።
«ይፈርሳል?» ብል፣ «ይታያል» አሉኝ።
«ይታደሳል?»
«እሱም ይታያል።»
ኢዮስያስ ብሎኗን ሳይጥል፣ «ጋሼ፣ ይጻፉ» አለ፤ «የሁለት ወር ተከፍሏል።»

ጻፍኩ። ነጩን ግን አንድ እጅ ብቻ ነው የቀባሁት፣
ሁለተኛ አልደገምኩም፤ ሆን ብዬ አሳሳሁት።
አባቴ ሁለት እጅ ይቀባ ነበር፤ እጁ ከበደኝ ስፍቀው።
የኔ አንድ እጅ ይሁን፣ ከመጣ፣
ነገ መሰላል ይዞ ለሚመጣው።