«ጋሼ፣ አጥፋልኝ»

ምዝገባ ሲከፈት፣ ፈተና ሲቃረብ፣
ሐዋሳ ተማሪ ደጄ ላይ፣ እንደ ንብ፤
አንዱ ስምንተኛ፣ አንዱ አሥራ ሁለተኛ፣
ሸሚዝ የተዋሰ፣ ፀጉሩን በውሃ ያስተኛ።
«ቀና በል» እላለሁ፣ አገጩን ነክቼ፤
አይቀናም። አየዋለሁ መብራቱን አብርቼ፤
ግንባሩ ላይ የፈላ፣ ጉንጩ ላይ የቀላ፣
አንዳንዱ ጫፉ ነጭ፣ አንዳንዱ መግል የሞላ፤
ብልጭታው ሳይነሣ፣ ጓደኞቹን ከልሎ፣
«ጋሼ፣ እሱን አጥፋልኝ» ይለኛል ዝግ ብሎ።

አጠፋለሁ። ሥራዬ ነው። ከጉንጩ ደህናውን ቀድቼ
ቁስሉ ላይ እደፋለሁ፣ እንደ ኖራ ቀብቼ።
አሥር ብር ጭማሪ።
በአንድ ቀን ሠላሳ ፊት፣ ለስላሳ እንደ እንቁላል፤
አባት እንኳ ቢያየው «ይሄ የማን ነው?» ይላል።

ምንታምር ልጄ ግን፣ መስተዋቱን ሸፍና፣
ሻሽ እስከ ቅንድቧ፣ አፏን በነጠላ አፍና፤
«እሑድ ነው፣ ሐይቅ ዳር ዓሣ እንብላ» ብላት፣
«ፀሐዩ» ትለኛለች፤ ዓይን ነው የሚያቃጥላት።
አክስቷ «ጮማ ነው፣ ቅባት ይቅርባት» አለች፤
ጎረቤት «የፍቅር ነው፤ አንድ ሰው አስባለች»፤
አንዱ ሎሚ አዘዘ፣ አንዱ የጥርስ ሳሙና፣
አንዱ «ሰባቴ ታጠቢ፣ ቆሻሻ ነውና»፤
ከገበያ የመጣ፣ ስሙ የተፋቀ ቅባት
ሳምንት አጠራት፣ በሦስተኛው ፈጀባት።

እኔስ?
አሥራ አምስት ዓመት ሲሞላት ፎቶዋን አጽድቼ
በፍሬም ሰጠኋት።
ብዙ አየችው።
«አባዬ፣ ይቺ ማናት?»
ከዚያ፣ ፍሬሙን ጠረጴዛው ላይ በደረቱ አስተኝታ፣
«አንተም አጠፋኸኝ።»

ማክሰኞ ሱቄን ዘጋሁ። በባጃጅ ጤና ጣቢያ ሄድን።
ሲስተር ወይንሸት መነጽሯን ግንባሯ ላይ ሰቅላ
ጉንጯን በጣቷ ጀርባ ዳሰሰች።
«ቆሻሻ አይደለም። ኃጢአትም አይደለም።
ዕድሜሽ ነው። ከቆዳሽ ሥር ቅባት የሚያመነጩ
ትንንሽ ከረጢቶች ነቅተዋል፤ በራቸው ሲደፈን
ቅባቱ መውጫ ያጣል፣ ያብጣል፣ ይቀላል።
አትጭመቂው። ብጉሩ ያልፋል፣ የጥፍርሽ ጠባሳ ይቀራል።
ጠዋትና ማታ በለዘበ ሳሙና፣ ሳትፈገፍጊ።
ይሄን ደግሞ ማታ፣ በአተር ፍሬ ልክ፣ ስስ አድርገሽ።
መጀመሪያ ያደርቅሻል፣ ይቆጠቁጥሻል፤
ሁለት ወር ሳይሞላ እንዳትፈርጂበት።
ካልሆነ ተመለሽ፤ ከዚህ የበረታ አለ፣ የቆዳ ሐኪምም አለ።
ያን ስም የለሽ ቅባት ግን ጣዪው።»
ወደ እኔ ዞረች፦
«አንተም በየጠዋቱ ፊቷን አትቁጠር።»

ሁለት ወር ለካ ረጅም ነው።
በሦስተኛው ሳምንት ብሶባት መድኃኒቱን ወረወረችው፤
ከአልጋው ሥር ተንበርክኬ አወጣሁት፣
ምንም ሳልናገር ከሳሙናው ጎን አስቀመጥኩት።
ሰማያዊ ትራሷን መድኃኒቱ እያነጣው
ሌሊት ሌሊት ጉንጯ የሚያርፍበት ቦታ
ከታቦር በላይ የቆመ ደመና መሰለ።
እናቷ ለትራሱ አዘነች።
እኔ አላዘንኩም።
አንድ ማለዳ መስተዋቱ ተገልጦ አገኘሁት፤
አልቆጠርኩም።

ዘንድሮ ሰልፉ ውስጥ እሷም ነበረች፣ ተራዋን ጠብቃ።
መጋረጃው ፊት ተቀመጠች፣ ሳልላት ቀና አለች።
አገጯ ላይ ሁለት ቀርተዋል፣
ግንባሯ ላይ የጠቆረ ምልክት።
ጣቴ ማውሱ ላይ ሲያመነታ ከኋላዬ ቆማ ኖሯል፦
«ተው፣ አባዬ። ፈታኙ የሚፈልገው እኔን ነው።»

ቀጥሎ ካያሞ የሚባል ልጅ፣ አንገቱ በደንብ ልብሱ የታነቀ፣
ዝግ ብሎ፣ «ጋሼ፣ እሱን አጥፋልኝ።»
አጠፋሁለት። ኪራይ አለብኝ።
ግን በፖስታው ጀርባ የጤና ጣቢያውን አቅጣጫ ጻፍኩ፣
ያልተነካውንም አንዱን
ከአራቱ ሥር ከተትኩለት፣
ምናልባት አንድ ቀን ራሱን ቢፈልግ።