አሥራ ሁለተኛው ሳምንት

ቁም ሳጥኔ ውስጥ፣ ከግብር ደረሰኙ ሥር፣
በላስቲክ የታሰረ አንድ ሺህ ትኬት አለ፤
ቀለሙ ሮዝ ነበር።
«የስምጥ ሸለቆ ነፃ ሊግ፣ አሥራ ሁለተኛ ሳምንት፣
አዳማ ሐሩር ከሐዋሳ አባኮዳ፣
መግቢያ ሁለት ብር፣
በአባቱ ትከሻ ላይ የመጣ ልጅ በነፃ» ይላል።
አንዱም አልተቆረጠ።

ፖስታ ቤት አካባቢ ሽማግሌዎቹን ብትጠይቁ
«የቱ ሊግ? የሽንኩርቱ?» ይሏችኋል፣ ይስቃሉ።
አዎ፣ የሽንኩርቱ።
እኔ ግን የማስታውሰው ከሽንኩርቱ በፊት ጀምሬ ነው።

ጋሽ ወዬሳ ስምንት የጭነት መኪና ነበረው፤
ስምንት ክለብ አቋቋመ።
ወንጂ ሸንኮራ፣ መቂ ጎርፍ፣ ሞጆ ቆዳ፣ ዝዋይ ጉማሬ...
ስሞቹን ራሱ አወጣ፣ ማልያውን መስቱራ ሰፋች፣
ለእኔ የትኬት ሣጥኑን ሰጠኝ፣ ከነቁልፉ።
«ትልቁ ሊግ ትልቅ ነው፣ የእኛ ግን ይከፍላል» አለ
በአህያ ጋሪ ላይ በተጫነ ድምፅ ማጉያ።

ስታዲየሙን ሲከለክሉን
ከዱቄት ፋብሪካው ጀርባ ሜዳ ጠረግን።
ኖራ ያለቀ ዕለት መስመሩን በፉርኖ ዱቄት አሰመርን፤
ሩብ ሰዓት ሳይሞላ ነፋሱ ጠርጎ ወሰደው፣
የመስመር ዳኛው ሙዘይን
ባንዲራውን በትዝታ ያነሣ ጀመር።

አዲስ ሕግ ነበረን፦
ከሃያ አምስት ሜትር ውጪ የተመታ ጎል
ሁለት ይቆጠራል።
አንድ እሑድ በረኛችን ደረሱ ከራሱ ጎል ለጋት፣
የአዳማ ነፋስ ተቀበላት፣
ጠጥታ እንደመጣች ሴት እየተንገዳገደች
ሄዳ ሄዳ ከወዲያኛው መረብ ገባች።
ስንት ይቆጠር? አንዱ ሁለት፣ አንዱ ስድስት፣
ውጤት ጻፊው ልጅ በከሰሉ ያሮጌ ፍሪጅ በር ላይ
ጽፎ ሲያጠፋ፣ ጽፎ ሲያጠፋ መሸ።

ኩመላን ያየ ግን አይስቅም።
ሃያ ሁለት ዓመቱ፣ ግራ እግር፣
ከትልቁ ሊግ ውሉን ጥሎ የመጣ።
በዘጠነኛው ሳምንት ከላይ ደብዳቤ ወረደ፣ ሐምራዊ ማኅተም ያለበት፦
በዚህ ሊግ የተጫወተ ሌላ ሜዳ አይረግጥም።
አጥፎ ገምባሌው ውስጥ ከተተው፣
በእሱ ላይ ሁለት ጎል አገባ። ማለቴ አራት።

የፊተኛው ደሞዝ፣ በሙሉ ብር መጣ፤
የሁለተኛው ወር፣ ግማሽ ብቻ ወጣ፤
የሦስተኛው ሲደርስ፣ ካዝናው ባዶ ሆኖ
ሽንኩርት ተከፈለን፣ በጆንያ ተመዝኖ።
ዐሥር ኪሎ ለእኛ፣ ሃያ ለበረኛ።
በዚያ ሳምንት ሰፈር፣ ሁሉም አለቀሰ፤
በሽንኩርቱ ይሁን፣ ሊጉ ስለፈረሰ፣
ማንም አልለየ።

መኪኖቹ አንድ በአንድ ተሸጡ፣ ክለቦቹም አብረው።
ሐሙስ ዕለት ቢሮው ተዘጋ።
ስልክ ተቋርጦ ስለነበር አባኮዳዎቹ አልሰሙም፤
እሑድ በስድስት ሰዓት ከአይሱዙ ላይ ወረዱ፣
ሽፋሽፍታቸው አቧራ፣ ጫማቸው አንገታቸው ላይ።
«ሌሎቹ የታሉ?»
እኔ ገመዱ ጋ ቆሜአለሁ፣ አንድ ሺህ ትኬት ይዤ።

ኩመላ መጣ። ደረሱ መጣ።
ከፋብሪካው አምስት ተሸካሚዎች፣ ፀጉራቸው ድረስ ዱቄት፣
ሙዘይን ራሱ ባንዲራውን ጥሎ ቀኝ ተመላላሽ ሆነ።
ገመዱን ፈታሁት።
ፊሽካ የለ፣ መስመር የለ፣ ነፋስ ብቻ፤
ኳሷ እስክትጠፋን ተጫወቱ።
በነጥብ እኩል ነበርን፣ ዋንጫው የዚያ ቀን ነበር፤
ስንት ለስንት እንደወጡ የቆጠረ የለም።
ለመንገድ ሽንኩርት ሰጠናቸው።

ያ ነፋስ እንኳ ዛሬ ቋሚ ሥራ ይዟል፣
ኮረብታው ላይ ነጭ ክንፍ እያዞረ መብራት ያመነጫል።
ልጄ በትኬቶቹ ጀርባ ማባዛት ትለማመዳለች።
ኩመላ ባጃጅ ይነዳል፤ ማታ ማታ
ከአስፋልቱ ማዶ ሱቄን ሲያይ
ክላክሱን አንዴ ይነካል፣ አይቆምም።
ከሩቅ ነው፤
ሁለት እቆጥርለታለሁ።